ከአሸናፊው ወይስ ከመካከለኛው ሰዓት?
በረዶውና ዳገቱ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ የአገር አቋራጭ ስኪ ውጤት በሰከንድ ሳይሆን በመቶኛ ይነጻጸራል። ግን ከማን ሰዓት አንጻር?

ከአሸናፊው መለካት ቀላል ነው። አሸናፊው በ1500፣ የምንከታተለው ተወዳዳሪ በ1575 ሰከንድ ቢገቡ ልዩነቱ 5 በመቶ ነው። አሸናፊው ያልተለመደ ብቃት አሳይቶ በ1470 ቢገባ ግን ያው ተወዳዳሪ በዚያው ሰዓት 7.1 በመቶ ወደኋላ ይቀራል። መካከለኛው ሰዓት (የሁሉም ተወዳዳሪዎች ሰዓት በቅደም ተከተል ሲደረደር መሃል ላይ የሚገኘው) 1560 ከሆነ በሁለቱም ሁኔታ ልዩነቱ 1 በመቶ ገደማ ነው፤ ለዚህም ነው የሚሻለው። ደካማ ተወዳዳሪዎች ሲበዙ ግን መካከለኛው ይዘገያል፤ የመጀመሪያዎቹን 30 ብቻ ወስዶ ማስላት ችግሩን ያቃልላል።

ሁሉም አብሮ የሚነሳበት ውድድር ለብቻው ይሰላ፤ ተያይዘው ስለሚሄዱ ልዩነቱ ይጠባል። ስኪንና የጠመንጃ ተኩስን በሚያጣምረው በቢያትሎን፣ በስፕሪንት ውድድር ደግሞ እያንዳንዱ የሳተ ተኩስ 150 ሜትር የቅጣት ዙር ስለሚያስከትል፣ ፍጥነትን ለመለካት ንጹሑን የስኪ ሰዓት (ተኩሱንና የቅጣት ዙሩን ሳይጨምር) ብቻ ውሰዱ።