ራዝቤሪ ፓይ 4 ለድራይቨር ጸሐፊ፦ አድራሻው ላይ ተጠንቀቁ

በ2019 የወጣው ራዝቤሪ ፓይ 4 ድራይቨር፣ ማለትም ከሃርድዌር ጋር በቀጥታ የሚነጋገር ኮድ፣ ለመማር ጥሩ ቦርድ ነው። አንድ አስቸጋሪ ጠባይ ግን አለው፦ የቺፑ መመሪያ የሚሰጠው አድራሻና ፕሮሰሰሩ የሚያየው አድራሻ አይገጥሙም።

የሲሪያል መገናኛውን፣ ዩአርት 0ን፣ እንይ። መመሪያው በሄክሳዴሲማል 7ኢ201000 ላይ ያስቀምጠዋል፤ ይህ የባስ (የቺፑ ክፍሎች የሚገናኙበት የውስጥ መስመር) አድራሻ ነው። ፕሮሰሰሩ በተለመደው አሠራር ያንኑ መሣሪያ የሚያገኘው ኤፍኢ201000 ላይ ነው። ልወጣው የተጻፈው ዲቫይስ ትሪው (ሃርድዌሩን ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የሚገልጸው ፋይል) ውስጥ፣ «ሶክ» በተባለው ኖድ (ክፍል) «ሬንጅስ» መስመር ላይ ነው፦ የባሱ መነሻ፣ የፕሮሰሰሩ መነሻ፣ ርዝመት። ከባሱ አድራሻ 7ኢ000000 ይቀነስና የቀረው 201000 ኤፍኢ000000 ላይ ይደመራል፤ በቃ።

ስህተት የሚበዛው ሴል ቆጠራው ላይ ነው። ሶክ ውስጥ አድራሻ አንድ ሴል (ባለ 32 ቢት ቁጥር) ይበቃዋል፤ ከላዩ ያለው ሩት ኖድ ግን ሁለት ይፈልጋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ልወጣ አራት ቁጥር ነው፦ ለባሱ መነሻ አንድ፣ ለፕሮሰሰሩ ሁለት፣ ለርዝመቱ አንድ። መሃል ላይ ያለችው ዜሮ ከተረሳች ርዝመቱ የፕሮሰሰሩ አድራሻ ሁለተኛ ሴል ሆኖ ይነበባል። ባዶ «ሬንጅስ» አድራሻው ሳይለወጥ ይለፍ ማለት ሲሆን፣ ጭራሽ ከሌለ ግን ልወጣ የለም።

ከፓይ 3 የተቀዳ ኮድ ሌላው ጣጣ ነው። እዚያ መነሻው 3ኤፍ000000 ነበር፤ ፓይ 4 ላይ ይህ ቁጥር የ1008ኛው ሜጋባይት ራም ነው። ኮዱ ኤልኢዲ አበራለሁ ሲል ራም ያበላሻል። ለማጣራት ሊኑክስ ላይ ፕሮክ ስር ያለውን «አዮሜም» ፋይል በሱዶ (በአስተዳዳሪ መብት) ማንበብ ይበቃል፤ ያለ ሱዶ አድራሻዎቹ ሁሉ ዜሮ ይመስላሉ።

የቦርዱ እውነተኛ ድክመት ዲኤምኤ (ዳታ ያለ ፕሮሰሰሩ እጅ ከራምና ወደ ራም የሚተላለፍበት መንገድ) ነው። የቆዩት ቻናሎች የሚደርሱት የመጀመሪያው 1 ጊጋባይት ራም ጋ ብቻ ነው፤ እሱንም ከሲ0000000 ጀምረው ነው የሚያዩት። ፊዚካል አድራሻውን እንዳለ ለቻናሉ የሚሰጥ ድራይቨር ሁለቴ ይሳሳታል፦ ጭማሪውን ይረሳል፣ ከወሰኑም ሊያልፍ ይችላል። የከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ዲኤምኤ ኤፒአይ ሁለቱንም ይሸፍናል። ባለ 1 ጊጋባይቱ ሞዴል ላይ ሁለተኛው ስህተት ፈጽሞ ስለማይታይ፣ ለሙከራ የሚገዛው ባለ 4 ወይም ባለ 8ቱ ነው።