ደብረ ብርሃን ላይ ቤት ለሚያከራይ፦ በደረሰኝ ወይስ በግማሹ?

የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 ለአከራይ ሁለት መንገድ አስቀምጧል። የሂሳብ መዝገብ ካልያዙ፣ ግብሩ ሲሰላ ከዓመቱ ኪራይ ግማሹ ለጥገናና ለእርጅና ተብሎ ይቀነሳል። ግቢው በወር 6,000 ብር ያስገባል እንበል፤ ከ72,000 ብር ላይ 36,000ው ከግብር ስሌቱ ወዲያው ይወጣል። የደረሰኝ ጣጣ የለም።

መዝገብ ከያዙ ግን የሚቀነሰው በእርግጥ የወጣው ነው፦ ጥገና፣ የባንክ ወለድ፣ ኢንሹራንስ፣ የቤቱ እርጅና። ችግሩ እዚህ ጋ ነው። የጭቃ ቤት ክረምቱ ሲያልፍ ልስን ይፈልጋል። ለሳሹ ጭቃውን ከጭድ ጋር ረግጦ፣ ግድግዳውን ለስኖ ይሄዳል እንጂ ደረሰኝ አይቆርጥም። ወጪው እውነት ነው፤ ወረቀት ላይ ግን የለም። በጡረታና በኪራይ ለሚኖሩ እናቶች ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ለእነሱ ግማሹ ይሻላል።

በባንክ ብድር የብሎኬት ቤት የሠራ ሰው ግን ወለዱ ብቻ ከኪራዩ ግማሽ ሊያልፍበት ይችላል። እሱ ዛሬውኑ መዝገብ ይክፈት።