ዲርት ራሊ 2.0፦ መንገዱ ግሩም፣ ዙሪያው ግን አናዳጅ

ዲርት ራሊ 2.0 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። እኔ ግን ዛሬም እጫወተዋለሁ። ከሱ በኋላ የመጡ ብዙ የመኪና ጌሞች ሞክሬያለሁ፤ ኮረኮንች ላይ በፍጥነት መንዳት ምን እንደሚመስል የዚህን ያህል ያሳየኝ የለም። የሚያናድደኝም ለዚሁ ነው። መንዳቱ እንዲህ ያማረለት ጌም በዙሪያው ባሉ ነገሮች መጎዳት አልነበረበትም።

ራሊ ላይ ጎን ለጎን መሽቀዳደም የለም። ብቻችሁን ትነዳላችሁ፤ ተፎካካሪያችሁ ሰዓት ነው። አጠገባችሁ የተቀመጠው ረዳት ደግሞ የሚመጣውን ኩርባ ከማስታወሻው እያነበበ ይነግራችኋል። 1 ሲል ኩርባው በጣም የታጠፈ ነው፤ 6 ሲል ነዳጅ ሳትለቁ ልታልፉት ትችላላችሁ። እዚህኛው ላይ የምትሰሙት የፊል ሚልስን ድምፅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ፔተር ሶልበርግ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን አጠገቡ ተቀምጦ ያነብለት የነበረው እሱ ነው። ሰውዬው ሥራውን እንደሚያውቅ ከአነባበቡ ያስታውቃል። የኩርባውን ውስጠኛ ጥግ አትቁረጥ ካለ በቃ፣ አትቁረጡ። ሳር የሸፈነው ድንጋይ እዚያ ጥግ ላይ አለ፤ ጎማችሁ ይፈነዳል።

ከመጀመሪያው ክፍል፣ ማለትም ከፊተኛው ዲርት ራሊ፣ ትልቁ ለውጥ መንገዱ ራሱ ነው። ድሮ ከፊታችሁ ማንም ቢያልፍ መንገዱ ያው ነበር። አሁን ቀድመዋችሁ የወጡት መኪኖች አርሰውት ይጠብቃችኋል። ከመጀመሪያዎቹ ከሆናችሁ ያልተነካ ልል ጠጠር ላይ ትንሸራተታላችሁ። ኋላ ከወጣችሁ ደግሞ ኩርባው ሁሉ በጎማ ተቆፍሮ ቦይ ሠርቷል። ስለዚህ ተራችሁ ስንተኛ እንደሆነ ማየት ግድ ነው። ጎማና ሞላ የምትመርጡት ያንን አይታችሁ ነው።

የአሜሪካው ኒው ኢንግላንድ ጫካ ውስጥ ላንቺያ 037 ይዛችሁ ግቡና እዩት። መኪናው ኃይሉ ኋላ ነው፤ ቀላል ነው፤ ጭራው ለመውጣት ሰበብ ይፈልጋል። የቀኝ ጎማችሁ ቦዩ ውስጥ ከገባ መሪ ብታዞሩም አይሰማችሁም። የቦዩን መስመር ይዞ ወደ ዛፉ ይሄዳል። መድኃኒቱ መሪ መጨመር አይደለም። ነዳጁን ለአፍታ ለቀቅ ታደርጋላችሁ። ክብደቱ ወደ ፊት ይመጣል፣ የፊት ጎማው መሬቱን ይነክሳል፣ አፍንጫው ይዞራል። ወዲያው ነዳጁን መልሳችሁ ካልረገጣችሁ ጭራው ይቀድማችሁና ፊታችሁን ወደ መጣችሁበት ታገኙታላችሁ። ይሄ ሁሉ የሚያልቀው ዓይን እስኪጨፈን ነው። ደግሞ እጃችሁ ላይ ይሰማችኋል! ሲወጣ በስቲሪንግ የሚጫወቱ ሰዎች ስሜቱ ደካማ ነው ብለው ነበር፤ እውነታቸውን ነው። በኋላ በአፕዴት ተስተካክሏል። በጆይስቲክም ቢሆን ምንም አይልም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። መንገዱ ያንሳል።

መሠረታዊው ጌም ስድስት የራሊ ቦታ አለው፦ አርጀንቲና፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድ፣ ፖላንድ፣ ስፔንና አሜሪካ። በየቦታው 12 መንገድ ተብሎ ተቆጥሯል። ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ግን ሁለት ረጃጅም መንገዶች ናቸው፤ ሌላው እነሱን ቆራርጦና አገላብጦ የተገኘ ነው። ትንሽ ከቆያችሁ ሁሉንም በቃላችሁ ትይዙታላችሁ። ራሊ ደግሞ ዋናው ጣዕሙ የማታውቁትን መንገድ ረዳታችሁን አምናችሁ መንዳት ነው። መንገዱን አንዴ ካጠናችሁት ያ ደስ የሚል ፍርሃት ይጠፋል። ፊል ሚልስም እያነበበ እናንተ ሳትሰሙት ታልፋላችሁ።

እሺ፣ የድሮዎቹ ቦታዎችስ? ሞንቴ ካርሎ፣ ስዊድን፣ ጀርመን፣ ፊንላንድ፣ ዌልስና ግሪክ የመጀመሪያው ክፍል ላይ ነበሩ። መመለሱንስ ተመልሰዋል፤ ግን ተጨማሪ ይዘት ተብለው፣ ለብቻ እየተሸጡ። የመጀመሪያውን ከፍሎ ለገዛ ሰው አንድን መንገድ ሁለት ጊዜ እንደ መግዛት ነው። ይሄ አልተዋጠልኝም። ፓይክስ ፒክ ተራራን መውጣቱ ደግሞ ጭራሽ ቀርቷል። ያን አቀበት በፔጆ 405 መውጣት የመጀመሪያው ክፍል ላይ ከምወዳቸው ነገሮች አንዱ ነበር።

ከሁሉም የባሰብኝ ግን የኢንተርኔቱ ነገር ነው። የራሳችሁን ቡድን አቋቁማችሁ፣ መካኒክ ቀጥራችሁ፣ መኪና እየገዛችሁ የምትሄዱበት ዋናው ሞድ ያለ ኢንተርኔት አይሠራም። ከሰው ጋር አይደለም እኮ የምትጫወቱት! ብቻችሁን ከሰዓት ጋር ነው። መስመር ከሌለ ጋራዣችሁ ውስጥ ያሉት መኪኖች ለእናንተ ዝግ ናቸው። ሰርቨሩ አንድ ቀን ለዘለቄታው ቢዘጋ ያ ሁሉ ድካም ምን ይሆናል? ከፍዬ በገዛሁት ጌም ላይ ይሄን ማሰብ አልነበረብኝም።

መኪኖች አብረው ጎን ለጎን የሚሽቀዳደሙበት ራሊክሮሱም አለ፤ ፈቃድ ያለው ነው፤ የሚወደው ይወደዋል። እኔ ብዙም አልቆየሁበትም።

የምትገዙት ከሆነ መሠረታዊውን ትታችሁ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣውን ጌም ኦፍ ዘ ይር የሚለውን እትም ውሰዱ። ለብቻ የተሸጡት ቦታዎችና መኪኖች እሱ ውስጥ አሉ፤ የስኮትላንድ መንገዶችም ተጨምረውበታል። የመንገዱ ማነስ ያን ያህል አይሰማችሁም። ጀማሪ ከሆናችሁ ደግሞ አውዲ ኳትሮ ላይ አትዝለሉ፤ በሚኒ ኩፐር ወይም በላንቺያ ፉልቪያ ጀምሩ። ቀርፋፋ ናቸው፤ ፊል የሚላችሁን ሰምታችሁ ፍሬን ለመያዝ ጊዜ ይሰጧችኋል።