«እምቢ ብትልስ?» ብሎ ለጠየቀኝ የሐረር ፎቶ አንሺ

የጋብቻ ጥያቄዬን እሺ ብላለች። ልባችሁን እንዳላንጠለጥል መጀመሪያ እሱን ልናገር።

ይህን የምጽፈው ግን ስለ አንድ ፎቶ አንሺ ነው። የጀጎል፣ በግንብ የታጠረችው የድሮዋ ሐረር ልጅ ነው፣ እዚያው ተወልዶ ያደገ። ድሬም ሐረርም ያላችሁ፣ ቀለበት ለማድረግ ያሰባችሁ፣ ለምርቃትም ይሁን ለልጅ ልደት ፎቶ የምትፈልጉ፣ እሱን ያዙት። ይህን ነገር ደጋግሜ እላለሁ፣ ታገሡኝ።

መጀመሪያ ግን እሱ ጋ ከመድረሴ በፊት ያየሁትን ልተንፍስ። ስም አልጠራም። እኛ ቤት በእህቴ ሰርግ የተቃጠልን ሰዎች ነን። ቀብድ ተቀብሎ፣ ሰርጉን ቀርጾ፣ ቀሪውንም ብር ተቀብሎ፣ ከዚያ ስልኩን ያጠፋ ካሜራማን ገጥሞናል። ዛሬ ነገ ሲለን ከርሞ አልበሙ ሲመጣ እህቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። እሱስ ይሁን፣ ሲመጣ ደግሞ የሁላችንም ፊት ኖራ የተቀባ ይመስላል። ሙሽራውን ከሚዜዎቹ መለየት አይቻልም። እናቴ ራሷን ያገኘችው በቀሚሷ ነው።

ስለዚህ የኔ ተራ ሲደርስ ፈራሁ። ቢሆንም ድሬ ውስጥ «ሰርፕራይዝ እናዘጋጃለን» የሚሉ ሰዎች ጋ ሄድኩ። ፓኬጅ አሳዩኝ። ቀይ ምንጣፍ፣ ፊኛ፣ የሚበራ ፊደል፣ ርችት፣ ጭስ፣ ሳክስፎን የሚነፋ ሰው። ዋጋውን ስሰማ «ሳክስፎኑን ቀንሱልኝ» አልኩ። ማንም አልሳቀም።

ከዚያ ናሙና ብለው ቪዲዮ ከፈቱልኝ። አንድ ልጅ ሰው በሞላበት ካፌ ተንበርክኳል። ልጅቷ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። ሰው ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል፣ ያጨበጭባል፣ «እሺ በይው! እሺ በይው!» ይላል። እሷ ግራ ቀኝ ታያለች። መውጫ እየፈለገች እንደሆነ ያስታውቃል። በመጨረሻ ልጁን እዚያው ትታው ወጣች። ቪዲዮውን የሚያሳየኝ ሰውዬ እየሳቀ «ብዙ ሰው ያየልን ይሄኛው ነው» አለኝ።

አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ልጁ ከኪሱ ከፍሎ ነው የተዋረደው። ልጅቷንስ ማን አስፈቅዷት ነው ፊቷ የተለጠፈው? ሻይ ያዙልኝ ነበር፣ ሳልጠጣው ወጣሁ።

ሌላ ቦታ ደግሞ ተስማምተን ከጨረስን በኋላ ለማረጋገጥ ብለው ደወሉልኝ። መቼ? እሷ አጠገቤ ተቀምጣ ምሳ ስንበላ። «ቀለበቱ ኬኩ ውስጥ ይግባ ወይስ ትሪ ላይ?» ይለኛል፣ ያውም እየጮኸ። ዘጋሁት። «ማነው?» አለችኝ። «ከባንክ ነው» አልኳት። ቀብዴን እስከ ዛሬ አልመለሱልኝም።

ተስፋ ቆርጬ ሳለ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ናት ስለ ሐረሩ ልጅ የነገረችኝ። እግዜር ይስጣት። ሄጄ ሳየው የጉርድ ፎቶ የሚያነሳባት ጠባብ ክፍል ናት ያለችው። አንድ በርጩማ፣ ነጭ መጋረጃ፣ ጥግ ላይ የቁጢ (የቡና ቅጠል ሻይ) ቴርሞስ። በሆዴ «እዚህ ለመምጣት ነው የደንገጎን ዳገት የወጣሁት?» አልኩ።

ያሰብኩትን ነገርኩት። ማታ ፈላና በር፣ ጅቦች በሚቀለቡበት ቦታ። ቱሪስቱ ሁሉ የሚያብድለት ነገር አይደል፣ ለየት ይላል ብዬ ነው። አየት አደረገኝና «አቦ ተወው። ልጅቷ ጅቡን ነው የምታየው አንተን?» አለኝ።

ከዚያ ደብተር አውጥቶ ይጠይቀኝ ጀመር። ሰው ሲበዛ ትጨነቃለች? ስትደነግጥ ትስቃለች ወይስ ታለቅሳለች? ምን ዓይነት ጫማ ታዘወትራለች? ተረከዝ ካለው ለጀጎል ድንጋይ አይሆንም አለ። ስለ ሌንስና ስለ ብርሃንም ትንሽ አስረድቶኛል። ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ እንጂ አንዱም አልገባኝም።

በመጨረሻ እስክሪብቶውን አስቀመጠና «እምቢ ብትልስ?» አለኝ።

ክው አልኩ። ይህን ጥያቄ እስከዚያች ቀን ማንም አልጠየቀኝም። «አትልም» አልኩት። «አትልም፣ ግን ብትልስ? ወይ ‹ቆይ ላስብበት› ብትል? መብቷ ነው። እኔ ያን ጊዜ ካሜራ ደግኜ ምን ልሁን?» አለ። መልስ የለኝም። እሱ ግን አስቦበታል። «ባርኔጣ አድርገህ ና። ነገሩ ካላማረህ አውልቀው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የጀጎልን በር ፎቶ የሚያነሳ እንግዳ ነኝ፣ አላውቃችሁም። ያነሳሁትን ፊትህ አጠፋዋለሁ። ለድካሜም አምስት ሳንቲም አልቀበልህም። እሺ ካለች ደግሞ ፎቶው የሁለታችሁ ነው። እሷ ሳትፈቅድ የትም አልለጥፈውም።»

እዚያው ቀብድ ሰጠሁት። ያ የካፌው ልጅ እንዲህ የሚል ሰው ቢያገኝ ኖሮ እያልኩ ነው ወደ ድሬ የተመለስኩት። እስቲ ንገሩኝ፣ እንጀራው ከፎቶ የሆነ ሰው ፎቶው የሚጠፋበትን መንገድ አስቀድሞ ሲያመቻች አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ልጁ ለማያውቃት ሴት ነው የተጨነቀላት።

ቦታውን እሱ መረጠ። ከመኪና ግርግር፣ ከልብስ ሰፊዎቹ መንገድ፣ ወጣ የምትል ቀጭን መንገድ ናት፣ ባንድ በኩል ሰማያዊ ግድግዳ፣ በሌላው ነጭ። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበ ቅርስ ነው፤ ካሜራ ያንጠለጠለ ሰው በር ሲያነሳ ቢታይ ማንም ዞር ብሎ አያየውም አለኝ። ሰዓቱንም የቆረጠው እሱ ነው። ጀጎል ውስጥ 82 መስጊድ አለ። ሰው ለሶላት ሲወጣ ሲገባ ካሜራ ፊቱ ላይ መደቀን ነውር ነው፣ ከዐስር (ከከሰዓቱ) ሶላት በኋላ ከመግሪብ (ከምሽቱ) በፊት ይሁን አለ። ያን ሰዓት መንገዱም ጭር ይላል፣ ፀሐይዋም ግድግዳውን በጎን ታገኘዋለች። በመንገዷ ዳር ያሉትን ቤቶች ደግሞ ራሱ እየዞረ አስፈቀደ። አንዲት እናት «ልጅቷ ቆንጆ ናት?» ብለው ጠይቀውት ነው አሉ እሺ ያሉት።

ለእሷ የነገርኳት የእህቷን ልጅ ቀሚስ መኪና ግርግር እናሰፋለን ብዬ ነው። ጨርቁን ራሷ ገዛች። ሐረር ይበርዳል ብላ ሹራብ ያዘች፣ ያው የድሬ ልጅ ናት። ከድሬ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ያን ቀን ግን አልደርስ አለኝ። ሐረማያን አለፍን፣ አወዳይን አለፍን፣ እጄ ኪሴ ውስጥ ነው። «ብር ጠፋብህ እንዴ?» አለችኝ።

መኪና ግርግርን ታውቁታላችሁ። ከፈረስ መጋላ ቁልቁል ሲወረድ ልብስ ሰፊዎቹ ግራና ቀኝ ሲንጀራቸውን ያስነካሉ። የኛ ሰውዬ ካንዱ ሰፊ አጠገብ ተቀምጧል። ጭኑ ላይ የሚጠበብ ሱሪ ዘርግቷል፣ ካሜራው ከሱሪው ሥር ነው። ከሰፊው ጋር ስለ ዚፕ ዋጋ ይከራከራል። እኔ ራሴ መጀመሪያ አላወቅኩትም! እሷማ በአጠገቡ አልፋ «ይሄ ልጅ ጨቅጫቃ ነው» አለችኝ።

ጨርቁን ሰጠን፣ ልክ ተነጋገርን፣ «ባቋራጭ እንሂድ» ብዬ ወደ መንገዷ አስገባኋት። ሰማያዊው ግድግዳ ጋ ስንደርስ ተንበረከክሁ። (እናቴ ይህን ስትሰማ «ሰው የሚንበረከከው ለፈጣሪ ነው» ብላ ተቆጥታለች። ፎቶውን ካየች ወዲህ ግን ለጎረቤት የምታሳየው እሷ ናት።)

ዝም አለች። ግራ ቀኝ አየች። የካፌው ቪዲዮ ድቅን አለብኝ። ግን እዚህ የሚያጨበጭብ የለም፣ «እሺ በይው» የሚል የለም፣ ስልክ የደገነ የለም። ብትፈልግ ቀጥ ብላ መሄድ ትችላለች። እጄ ቀስ እያለ ወደ ባርኔጣዬ ሄደ።

«ሽማግሌስ?» አለች።

«ምን?»

«ሽማግሌ ሳትልክ ነው እንዴ?»

«እሁድ ይመጣሉ፣ ተነጋግረን ጨርሰናል።»

«እነማንን ነው የምትልከው?»

እንደተንበረከክሁ ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ ጠራሁላት። አንደኛው ላይ ስደርስ «እሳቸው ይቅሩ፣ ወሬ ያበዛሉ» አለች። ከዚያ እጇን ዘረጋችልኝ።

ከሁሉ የምወደው ፎቶ ያቺን ደቂቃ የያዘው ነው። እኔ ጣቴን እያጠፍኩ ሽማግሌ እቆጥራለሁ፣ እሷ በሳቅ ግድግዳውን ተደግፋለች። ማን ተንበርክከህ ቁጠር ቢለኝ እንዲህ እሆናለሁ? አጠገባችን ሰው እንዳለ ፈጽሞ ረስቼ ነበር።

ልጁ ዘሎ አልመጣም። ነግሬያት፣ እሷ ዞራ «የታለ?» እስክትል ጠበቀ። ከዚያ ሱሪውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ መጣና ካሜራውን ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ሰጣት። «እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። እዪና ያልወደድሽውን አጥፊው» አላት። «አንተ ያ ጨቅጫቃ!» ብላ ጮኸች። ያቺ ቆንጆ ናት ወይ ብለው የጠየቁት እናት በራቸውን ከፍተው «ናት!» ብለው ፈረዱ፣ ቁጢም አጠጡን። የሰፈሩ ልጅ ያን ጊዜ ነው ግልብጥ ብሎ የወጣው። እስከዚያ ማን እንደያዘልን አላውቅም፣ እሱም አልነገረኝም።

ፎቶዎቹ ባለው ቀን ደረሱ። ባለው ቀን! በእህቴ ሰርግ ያየነውን ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ፊታችንም የራሳችን ነው። ጠይም ነን፣ ጠይም ወጣን። እሷ አልፈልጋቸውም ያለቻቸው አንድም አልተላኩም። ይህን ጽሁፍም ያለ ፎቶ የለጠፍኩት እሷ ስላልፈቀደች ነው፣ እንዳትለምኑኝ።

ዋጋው? ከባለ ፊኛዎቹ በጣም ያንሳል። ለነገሩ እጥፉን ቢለኝም እከፍለው ነበር። አንድ እንከን አለበት፣ ስልክ ቶሎ አያነሳም። ሥራ ላይ ሲሆን ያጠፋዋል። ደጋግማችሁ አትደውሉ፣ መልእክት ተዉለት፣ ማታ ይመልሳል። ስሙንና ቁጥሩን በአደባባይ አትጻፍ ስላለኝ ነው ያልጻፍኩት። የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ወዲያው እሰጣለሁ። ብቻውን ስለሚሠራ ቶሎ ይያዛል፣ የሰርግ ወቅት ሳይገባ ቀድማችሁ ያዙት። ያዙት አቦ!

የጥርን ሁለተኛ እሁድ ብቻ አትንኩብኝ። እሱን እኛ ይዘነዋል፣ ቀብድም ከፍለናል።