ፒክስ ከረጢት፦ ለበቆሎና ለሽምብራ ይገዛል፣ ለጤፍ ግን አያስፈልግም

በቆሎ፣ ማሽላ፣ ስንዴ፣ ሽምብራ ወይም ቦሎቄ ከመኸር እስከ ክረምት ሳይነቅዝ ማቆየት ለሚፈልግ አነስተኛ ገበሬ፣ አሁን በገበያ ካሉት አማራጮች ለገንዘቡ ጥሩ ዋጋ የሚሰጠው አየር የማያስገባው ፒክስ ከረጢት ነው። ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ፤ እህሉ በደንብ የደረቀ መሆን አለበት። ከረጢቱ እህል አያደርቅም። እርጥብ በቆሎ ሞልቶ ያሰረበት ሰው ሻጋታውን ቆልፎ እንዳስቀመጠ ይቁጠረው፤ ተራ ጆንያ ቢጠቀም ኖሮ ቢያንስ ትንሽ ይተነፍስለት ነበር።

ከረጢቱ ሦስት ሽፋን ነው። ውስጥ ያሉት ሁለቱ ወፍራም ፕላስቲኮች ሲሆኑ እያንዳንዳቸው 80 ማይክሮን ውፍረት አላቸው። የውጪው እንደ ማዳበሪያ ጆንያ የተሸመነ ነው፤ ሥራው ክብደት መሸከምና ፕላስቲኮቹን ከመቀደድ መጠበቅ ነው። የመጀመሪያው ፕላስቲክ አየር ይከላከላል፣ ሁለተኛው መጠባበቂያ ነው። ባለ 50 እና ባለ 100 ኪሎ አለ። ዘዴው የተጀመረው በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ካሜሩን ውስጥ ነው። በአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የነፍሳት ተመራማሪ የሆኑት ላሪ መርዶክ ከአገሩ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው የገበሬውን ጥራጥሬ ከነቀዝ ለማዳን የሠሩት ነው። ከ2007 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በጌትስ ፋውንዴሽን ድጋፍ በምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ በስፋት ተሰራጨ፤ ኋላም ለሌሎች ሰብሎች ተፈትኖ ወደ ምሥራቅ አፍሪካና ወደ እኛም መጣ።

በከረጢቱ ውስጥ ምንም መርዝ የለም። ታዲያ ነቀዙን ምን ይገድለዋል? አየር የምንለው 21 በመቶው ኦክስጅን ነው። አፉ በደንብ ከታሰረ በኋላ ከእህሉ ጋር የገባው ነቀዝ ራሱ ያንን ኦክስጅን ተንፍሶ ይጨርሰዋል። መጠኑ ከ5 በመቶ በታች ሲወርድ መብላትም መራባትም ያቆማል። ነቀዝ ውኃ አይጠጣም፤ የሚያስፈልገውን ውኃ የሚያገኘው የበላው እህል ሰውነቱ ውስጥ ከኦክስጅን ጋር ሲቃጠል ነው። ስለዚህ ኦክስጅን ሲያልቅበት ውኃም ያልቅበታል፤ ደርቆ ይሞታል። ይህ ቀናት ይፈጃል፣ በአንድ ሌሊት የሚሆን አይደለም። ከረጢቱን በሳምንቱ ከፍቶ የሚንቀሳቀስ ነቀዝ ያየ ሰው «አይሠራም» ብሎ ቢጥለው በገዛ እጁ አዲስ አየር አስገብቶለት ነው። አንዴ ከታሰረ ቢያንስ ሁለት ወር ባይነካ ይመረጣል።

ተራ ጆንያ ለምን እንደማይበቃ ለማወቅ አንዲት የበቆሎ ፍሬ ማየት ነው። ሴቷ ነቀዝ ፍሬዋን በስታ እንቁላሏን ትጥልና ቀዳዳውን መልሳ ትደፍነዋለች። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል ውስጥ ለውስጥ እየበላ አድጎ ጉልበት ሲያገኝ ቀድዶ ይወጣል፤ ሞቃት በሆነ ቦታ ይህ ሁሉ ከአንድ ወር ትንሽ ቢበልጥ ነው። አንዷ ነቀዝ በዕድሜዋ እንቁላል የምትጥለው በመቶ ስለሚቆጠር፣ ኅዳር ላይ ንጹሕ የሚመስል በቆሎ መጋቢት ላይ ዱቄት ማራገፍ ይጀምራል። ነቀዙ ብዙ ጊዜ የሚገባው ጎተራ ውስጥ ሳይሆን ገና ማሳ ላይ ሳለ ነው። የሽምብራው ነቀዝ ደግሞ እንቁላሉን ፍሬው ላይ ይለጥፈዋል። ሽምብራችሁን መዳፋችሁ ላይ አድርጋችሁ ስታገላብጡ ከቆዳው ላይ የተጣበቀች ነጭ ነጠብጣብ ካያችሁ፣ ወደ ከረጢት ለመጨመር አንድ ሳምንትም አትቆዩ።

አሁን ወደ ማድረቁ። ለበቆሎና ለስንዴ የእርጥበት መጠኑ 13 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ቢሆን ጥሩ ነው። መለኪያ መሣሪያ ያለው ኅብረት ሥራ ማኅበር ካለ በዚያ ማስለካት ነው። ከሌለ በጨው መሞከር ይቻላል። ውስጡ ፍጹም የደረቀ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ውሰዱ፤ ሩብ ያህሉን በእህሉ ሙሉት፤ ምጣድ ላይ የደረቀ ደቃቅ ጨው ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጨምሩ፤ ከድናችሁ ለአንድ ደቂቃ አጥብቃችሁ ነቅንቁ። ከዚያ 15 ደቂቃ አስቀምጡት። ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ከ15 በመቶ በላይ እርጥበት አለውና መልሳችሁ አስጡት። ካልተጣበቀ ከ15 በታች ነው። ነገር ግን ከ15 በታች ማለት 13 ደርሷል ማለት አይደለም፤ ስለዚህ ሙከራውን ያለፈ እህልንም አንድ ሁለት ፀሐያማ ቀን መጨመር ብልህነት ነው። ጨው ራሱ እርጥብ ከሆነ ሙከራው ያሳስታል፤ ክረምት ላይ የሚሞክር ሰው ይህን አይርሳ።

ሲሰጣ በሸራ ላይ ይሁን። ባዶ መሬት፣ በተለይ ጥቁር አፈር፣ ከሥር እርጥበት ይመልስበታል፤ ጠጠርና አፈርም ይደባለቅበታል። በቆሎ ተፈልፍሎ እንጂ ከነቆረቆንዳው አይገባም፤ ቆረቆንዳው ፕላስቲኩን ይወጋል፣ በመሃሉም ብዙ አየር ይይዛል። ገለባውና ስንጥሩ ይነፈስ። ከፀሐይ ላይ እንደተነሣ ትኩሱን መጨመር ደግሞ በብዛት የሚታይ ስሕተት ነው። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ላቡ ፕላስቲኩ ላይ ጤዛ ሆኖ ይመለሳል፤ ላይኛው ስንዝር ያህል እህል የሚሻግተው በዚህ ነው። ጥላ ውስጥ አቀዝቅዞ መጨመር ነው።

ከመሙላት በፊት ሁለቱን ፕላስቲኮች አንድ በአንድ አውጥታችሁ አየር ሙሉባቸውና አፋቸውን ጠምዝዛችሁ ጨመቅ አድርጉ። ፊሽ የሚል ድምፅ ወይም ጉንጭ ላይ የሚሰማ ንፋስ ካለ ቀዳዳ አለ። ከዚያ አንዱን ፕላስቲክ በሌላው ውስጥ፣ ሁለቱን በውጪው ጆንያ ውስጥ አስገቡና አፋቸውን ወደ ውጪ ገልብጡት፤ እህሉ በሁለቱ ፕላስቲኮች መካከል እንዳይገባ የሚከላከለው ይህ ነው። ጆንያው የሚቆይበት ቦታ ላይ፣ እርብራቡ ላይ ቆሞ ይሞላ። አንድ ኩንታል ሞልቶ ወለል ለወለል የሚጎትት ሰው ሥሩን ይቀድደዋል፤ ቀዳዳው ደግሞ ከታች ስለሆነ ማንም አያየውም።

ጥቂት ጥቂት እየጨመራችሁ ነቅነቅ አድርጉት፣ ጥጉ ሁሉ ይሙላ። እስከ አፉ አትሙሉት። ስስት እዚህ ላይ ይጎዳል፤ አሥር ኪሎ ለመጨመር ብሎ አንገት ያሳጠረ ሰው ማሰሪያ ያጣል፣ ማሰሪያ ያጣ ከረጢት ደግሞ ውድ ጆንያ ከመሆን አያልፍም። ከእህሉ በላይ ቢያንስ ሁለት ስንዝር ፕላስቲክ ይቅር። የመጀመሪያውን ፕላስቲክ ከእህሉ ላይ ጀምራችሁ በሁለት እጅ እየጫናችሁ አየሩን ወደ ላይ ግፉትና አንገቱን ጠምዝዙት፣ እየጠበቀ ሄዶ እንደ ገመድ ጠንካራ እስኪሆን። ከዚያ ለሁለት እጠፉትና እጥፋቱን ከሥሩ በሲባጎ ወይም በከመናዳሪ ቁራጭ አጥብቃችሁ እሰሩ። ከመናዳሪው ይሻላል፤ እየተለጠጠ ስለሚታሰር ቶሎ አይላላም። ሁለተኛውንም እንዲሁ፤ የውጪውንም እንዲሁ። ሦስቱን አንድ ላይ ጠቅልሎ በአንድ ገመድ ማሰር ቀላል ይመስላል፣ ግን በእጥፋቶቹ መካከል አየር መተላለፊያ ይቀራል። ገበሬ ሲያማርር የሚሰማው ብልሽት አብዛኛው የሚመጣው ከዚህና ከእርጥበት ነው፤ ከፕላስቲኩ ጥራት የሚመጣው ጥቂቱ ነው።

ማስቀመጫው ከመሬት ከፍ ያለ፣ ከግድግዳ የራቀ፣ ፀሐይ የማያገኘው ይሁን። የከረጢቱ ትልቁ ድክመት አይጥ ነው። ሽታው ከውስጥ ስለማይወጣ እንደ ተራ ጆንያ አይጠራትም፤ ነገር ግን በዙሪያው የተበተነ እህል ካለ ትመጣለች፣ ከመጣች ደግሞ ትቀድደዋለች። ቤቱን መጥረግና በየጊዜው ዙሪያውን ማየት የግድ ነው። አይጥ ያስቸገረው ቤት የብረት ጎተራ ቢያስብ ይሻለዋል። በየአካባቢው ያሉ ቆርቆሮ ሠሪዎች የሚሠሩት ይህ ጎተራ አይጥን ጨርሶ ያስቀራል፣ ብዙ ዓመትም ያገለግላል። ዋጋው ግን ከከረጢት ጋር አይወዳደርም። በዚያ ላይ ግማሽ ድረስ ብቻ ከተሞላ ላዩ ላይ ብዙ አየር ይቀራል። ለዚህ ነው ከመዘጋቱ በፊት ሻማ አብርቶ እህሉ ላይ ማስቀመጥ የሚመከረው፤ ሻማው ኦክስጅኑን ተጠቅሞ ራሱ ይጠፋል። ብየዳው ከተሰነጠቀ ደግሞ ሁሉም ነገር ከንቱ ነው።

ከመድኃኒት ጋር ሲነጻጸር ፍርዳችን ግልጽ ነው። የማላታይን ዱቄት ከወራት በኋላ ኃይሉ ይደክማል፣ ለሚበላ እህልም ልኩን ጠብቆ የሚጨምር ሰው ጥቂት ነው። የነቀዝ ክኒን የሚባለው ደግሞ ፎስፊን የተባለ ጋዝ የሚያወጣ ገዳይ መርዝ ነው። ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ ጆንያ ውስጥ ጨምሮ ማደር ቤተሰብ መጨረስ ነው፤ ሕፃናት ያሉበት ቤት በምንም ምክንያት መግባት የለበትም። ፒክስ ከረጢት ሌላ ጥቅም ባይኖረው እንኳ ይህን ክኒን ከመኝታ ቤት ማስወጣቱ ብቻ ያስመሰግነዋል። ከረጢት ውስጥ መድኃኒት ደርቦ መጨመርም አያስፈልግም።

የአባቶች ዘዴም መናቅ የለበትም። ሽምብራን ወይም በቆሎን ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ ጎታ ውስጥ ማስቀመጥ በብዙ ቦታ የታወቀ ነው፤ ደቃቁ ጤፍ በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶ ነቀዙን መንቀሳቀሻ ያሳጣዋል። ይሠራል፤ ግን በኋላ መንፋቱ አለ፣ ጭቃው ጎታም አየር ያሳልፋል። ጤፍ ራሱ ነቀዝ ስለማያገኘው በተራ ጆንያ ዓመታት ይቆያል። ለጤፍ ፒክስ ከረጢት መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ የሚሸጥ ሰው ቢመክርም አትግዙ። ለዘር በቆሎና ለዘር ሽምብራ ግን በተቃራኒው በጣም ይመከራል፤ በደንብ ከደረቀ የመብቀል አቅሙን ይዞ ይቆያል።

በገበያ ላይ አየር የማያስገቡ ሌሎች ከረጢቶችም አሉ። ቡና ላኪዎች የሚጠቀሙበት ግሬንፕሮ አንድ ፕላስቲክ ብቻ ነው፤ ግን አየር የማሳለፍ አቅሙ እጅግ ዝቅተኛ ስለሆነ የቡናን ጣዕም ለመጠበቅ ይመረጣል። ለገጠር ቤት ግን አንድ ቀዳዳ ያበቃለታል፤ ሁለት ፕላስቲክ ያለው ፒክስ ስሕተትን ይችላል።

ዋጋው ከተራ ጆንያ ብዙ እጥፍ ነው፤ ይህ ገበሬውን ያስደነግጣል። ሒሳቡ ግን በአንድ ዓመት አይሠራ። በጥንቃቄ የተያዘ ከረጢት ሦስት መኸር ያገለግላልና ዋጋውን ለሦስት አካፍሉት። ከዚያ አንድ ኩንታል ላይ በክረምቱ 10 ኪሎ ይነቅዝብኝ ነበር ካላችሁ፣ በነሐሴ ዋጋ 10 ኪሎ በቆሎ ስንት እንደሆነ አስቡ። ትልቁ ትርፍ ግን ሌላ ነው፤ ነቀዝ ፈርቶ በታኅሣሥ የሚሸጥ ሰው የዓመቱን ዝቅተኛ ዋጋ ነው የሚቀበለው። ሐምሌን መጠበቅ የሚችል ሻጭ በራሱ ጊዜ ይሸጣል። ሠላሳ አርባ ኩንታል የሚያመርት ገበሬ ሁሉንም በከረጢት ማድረግ አይጠበቅበትም፤ ለቤት ቀለብ፣ ለዘርና ለክረምት ሽያጭ የሚሆነው ብቻ ይበቃል። ለቀለብ የሚወጣው አንዱ ከረጢት ብቻ ይከፈት፣ በተከፈተ ቁጥርም ወዲያው ይታሰር፤ ሌሎቹ ተራቸው እስኪደርስ አይነኩ።

መግዣው ከኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም ከታወቀ የግብርና ግብዓት ሻጭ ነው፤ እህሉ ከመወቃቱ በፊት፣ በጥቅምት ቢገዛ ይመረጣል። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ ፍቱት። የፒክስ ምልክት ውጪው ላይ ታትሟል? ፕላስቲኮቹ ሁለት ናቸው ወይስ አንድ ብቻ? ሁለቱም ወፍራም ናቸው ወይስ አንደኛው እንደ ፌስታል የሳሳ? ስፌታቸው ላይ ንፋስ ሞልታችሁ ጨምቁ። ሻጩ ይህን አትሞክሩ ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ያገለገለ ከረጢት ደግሞ እንደገና ከመሞላቱ በፊት ይገልበጥ፣ ጥጉ ላይ የቀረ ዱቄትና የሞተ ነቀዝ ይራገፍ፣ ፀሐይ ላይ ሳይሆን ጥላ ውስጥ ይድረቅ። በመርፌ የተወጋ ያህል ቀዳዳ በፕላስተር ይደፈናል፤ ጣት የሚያስገባ ቅዳጅ ያለበት ፕላስቲክ ግን ለሌላ ሥራ ይዋል፣ በቦታው አዲስ ይግባ።