ለሆረር ጌም ጌምቦይ ኤስፒ ወይስ ፒኤስፒ?

«ማታ መብራት አጥፍቼ የምጫወትበት የድሮ በእጅ የሚያዝ ጌም መጫወቻ ልገዛ ነው፣ የቱ ይሻላል?» የሚል ጥያቄ ስለበዛብኝ አንዴ ጽፌ ልገላገል። የሶኒን ፒኤስፒ ትታችሁ የኒንቴንዶን ጌምቦይ ኤስፒ ግዙ። ግን የትኛውን ኤስፒ እንደሆነ ሳታዩ ገንዘብ እንዳታወጡ፣ እኔ ተሸውጃለሁ።

ኤስፒ ሁለት ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው 001 የሚባለው ሞዴል መብራቱ ከፊት ነው፤ ጥቁሩ ሁሉ ግራጫ ይሆናል። ጨለማ የሌለው ሆረር ደግሞ ምን ሆረር ነው? እ.ኤ.አ. በ2005 የመጣው 101 ግን ከኋላ ስለሚያበራ ጨለማው ጨለማ ሆኖ ይቀራል፣ ዋጋውም የሚሰቀለው ለዚህ ነው። እኔ የ101 ከፍዬ፣ ቀፎው ተቀይሮ ከጀርባው 101 የሚል የተለጠፈበት 001 ይዤ ቤቴ ገባሁ። ከስክሪኑ ሥር ያለችውን የመብራት ቁልፍ ተጫኗት። መብራቱ ጭራሽ ከጠፋ 001 ነው፤ 101 ፈዘዝ ደመቅ ይላል እንጂ አይጠፋም።

ፒኤስፒ አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ 249.99 ዶላር ነበር፣ ኤስፒ 99.99። የፒኤስፒ ስክሪን ትልቅ ነው፣ ኢርፎንም ይሰካበታል። ያገለገለ ስትገዙ ግን የባትሪ ወጪ ደምሩበት፤ የኔው አብጦ ክዳኑን ገፍቶት ነበር። «ሳይለንት ሂል ኦሪጅንስ»ን ስጫወት ደግሞ ጸጥ ባለበት ሰዓት ጌሙ ያለበት ዲስክ ክርርር ይላል፣ በቃ የሆነ ነገር ሊመጣ እንደሆነ አወቅኩ ማለት ነው።

ኤስፒ የድሮ ጌምቦይ ካሴትም ያነባል። እ.ኤ.አ. በ2019 ለድሮው ጌምቦይ የወጣውን «ዴዲየስ» የሚባል ሆረር ሞክሩ። አራት የቀለም ደረጃ ብቻ ስላለ ፊቱ የማይለይ ሰው ቆሞ ያያችኋል፣ ቀሪውን ራሳችሁ ትሞሉታላችሁ። ሲበራ የጌምቦይ አርማው ሲታይ የግራ ቀስትንና የ«B» ቁልፍን አብራችሁ ብትጫኑ ኤስፒው በራሱ የሚቀባው ያ የማያምር ቀለም ቀርቶ ጥቁርና ነጭ ይሆናል።

የኤስፒ ችግሩ ኢርፎን መሰኪያ የለውም፣ ማገናኛ መግዛት ግድ ነው። ፎርጅድ ካሴትም አለ፤ አንዱ ሌሊት ሙሉ የደከምኩበትን ሴቭ ጠዋት ባዶ አድርጎ ጠበቀኝ። የጌምቦይ አድቫንስ (የኤስፒ የራሱ ጌም) ካሴት ስትገዙ ስቲከሩን ብርሃን ላይ አዘንብላችሁ እዩት፣ ኦሪጅናሉ ላይ ተጭኖ የገባ ቁጥር አለ።

ፒኤስፒዬን የወንድሜ ልጅ ወስዶ ኳስ ይጫወትበታል።