የእንቁጣጣሽ ካርድ ማኅተሜን ያስቀረጽኩበት ቤት

የእንቁጣጣሽ ካርድ በእጄ መሥራት ከጀመርኩ ሦስት ዓመቴ ነው። ዘንድሮ አደይ አበባዋን ካርድ በካርድ መሳሉ ሰለቸኝና የጎማ ማኅተም አስቀረጽኩ። ቤቱ ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ስትወርዱ ከምታገኟቸው ማኅተም ቤቶች አንዱ ነው። በጣም ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ ቆሞ ነው የሚጠብቀው። የሚመጣው ሁሉ ቲተር ፈላጊ ስለሆነ እኔ የአበባ ስዕል ሳወጣ ባለሙያው መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠጉት። «እህቴ፣ ይኼ ደግሞ ለምንድን ነው?» ለካርድ መሆኑን ስነግራቸው ፊታቸው በራ።

ቅርጹ የሚወጣው በሌዘር ማሽን ነው። ጎማው ላይ ስዕሉም ፊደሉም ተገልብጦ ይቀረጻል፣ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ነው የሚቃናው። ከአበባዋ ሥር «እንቁጣጣሽ» በደቃቅ ፊደል እንዲገባልኝ ጠየቅኩ። «ፊደሏ ትንሽ ትተልቅ፣ ቀለም ይሞላባታል» አሉኝ፣ እኔ ግን እንዳለች ትሁን አልኩ። እንዳሉትም ሆነ። ስሞክረው የ«ቁ» ክብ ድፍን አለ፣ የ«ሽ» እግሮችም ተጣበቁ። በማግስቱ ፊደሉን አሳድገው ሲሠሩልኝ የጎማውን እንጂ የእንጨት እጀታውን ድጋሚ አላስከፈሉኝም። ጠቅላላ 800 ብር ወጣብኝ። ለዚህ ጥራት ተመጣጣኝ ነው እላለሁ፤ የአበባዋ ቅጠል ላይ ያሉት ቀጫጭን መስመሮች እንኳ አንድም ሳይቀሩ ነው የሚያርፉት።

ቅር ያለኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ጎማውን በቀጥታ እንጨቱ ላይ ነው የሚለጥፉት። መሃል ላይ ስስ ስፖንጅ ቢገባ ኖሮ ስትጫኑት ሁሉም ጋ እኩል ያርፍ ነበር፤ አሁን አንዱ ጠርዝ ይደምቃል፣ አንዱ ይፈዛል። ስታዙ ስፖንጅ እንዲያደርጉላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። እኔ ከካርዱ ሥር የታጠፈ ጋዜጣ በማንጠፍ ነው የተወጣሁት።

ሁለተኛው ቀለሙ ነው፣ ይኼ ደግሞ የባሰው። የሚሸጡት የቢሮ ስታምፕ ፓድ ነው። ለደብዳቤ ምንም አይወጣለትም። በሚያብለጨልጭ ካርድ ላይ ግን አይደርቅም፣ በጣት ሲነካ ይዘረጋል። ሃያ ካርድ እንዲሁ ተበላሸብኝ። ለዕደ ጥበብ ሁለት ዓይነት ቀለም አለ። ዳይ የሚባለው ቀጭን ነው፤ ወረቀቱ ውስጥ ሰርጎ ቶሎ ይደርቃል፣ ፀሐይ ላይ ግን እየደበዘዘ ይሄዳል። ፒግመንት የሚባለው ወፍራም ነው፣ ወረቀቱ ላይ ተኝቶ ይቀራልና ለመድረቅ ጊዜ ይፈልጋል። ለአደይ አበባ የሚሆነው እሱ ነው! ቢጫው ቡናማ ወረቀት ላይ እንኳ ይታያል፣ ዳዩ ቢጫ ግን እዚያ ላይ ይጠፋል። እኔ ቢጫ ፒግመንት ፓድ ከውጭ በምትመጣ ዘመድ ነው ያስመጣሁት።

አብራ ኢምቦሲንግ ፓውደርም አመጣችልኝ። ፒግመንቱ ሳይደርቅ ዱቄቱን ትነሰንሱበታላችሁ፣ ትርፉን አራግፋችሁ ወደ ዕቃው ትመልሳላችሁ፣ ከዚያ በሙቀት ሲቀልጥ ስዕሉ ከወረቀቱ ከፍ ብሎ ያበራል። በፀጉር ማድረቂያ አትልፉ፤ ሙቀቱ አይበቃውም፣ ነፋሱም ዱቄቱን ይበትነዋል። ሂት ገን የሚባለው ኃይለኛ ሙቀት የሚሰጥ መሣሪያ ስለሌለኝ ካርዱን ከጋለ የኤሌክትሪክ ምድጃ በላይ ከፍ አድርጌ ከሥር አሞቅኩት። ዱቄቱ መጀመሪያ እንደ አሸዋ ሻካራ ነው፣ ከዚያ ድንገት እንደ ቀለጠ ቅቤ ለስለስ ብሎ ያብለጨልጫል። ያን ጊዜ ቶሎ አንሱት፣ ወረቀቱ ያርራል።

ስለ ጽዳት ባለሙያው የነገሩኝ ጥሩ ነው። በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ እንጂ ቤንዚን ማስነካት የለም፣ ጎማውን ይጎዳዋል። እንጨቱንም ውኃ ውስጥ አትዘፍዝፉት።

ለቀረጻው ያለ ሐሳብ ሂዱ፣ ቀለሙን ግን ከሌላ ቦታ ፈልጉ። ነሐሴ ሲገባ ወረፋ እንደሚበዛ ነግረውኛል፣ ስለዚህ በሐምሌ እዘዙ። እኔ ለመስቀል የምትሆን ደመራ ስዬ ጨርሻለሁ፣ ቅዳሜ ስፖንጅ አስጨምሬ አስቀርጻታለሁ።